«ጨዋታ ነው» ያላችሁት ንፋስ

ቦንጋ
ሚያዝያ 22 ቀን 1998 ዓ.ም.
በዳግማ ትንሣኤ ዕለት

ለልጄ ለውባየሁ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ለአራተኛ ክፍል ልጆች የደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው የማስጀምራቸው። ዘንድሮ ግን ጤና ስለሚባለው ነገር ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ደግሞም ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ጣሰው ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ተራ እንዳገኘህ፣ ምሳ እንደጋበዝከው፣ መርካቶ የጭነት ሥራ እንደያዝክ፣ ፊትህም ሞላ ሞላ እንዳለ ነግሮናል። እናትህ «ፊቱ ሞልቷል» የሚለውን ስትሰማ በደስታ አለቀሰች። እኔን ግን ቀፈፈኝ። አባት የልጁ መወፈር ሲቀፈው ምን ዓይነት አባት ነው ትል ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ መልእክትህን አደረሰልኝ። «አባዬ ነገሩን በሽማግሌ ይጨርስልኝ፤ ጨዋታ እንደነበር ሁሉም ያውቃል» ብለሃል አሉ። ጣሰው ይህን ሲነግረኝ የመኪና ቁልፉን እያገላበጠ መሬት መሬት ያይ ነበር። መልሱን በቃል ልልክብህ እችል ነበር፤ ግን ጣሰው ደግ ሰው ነው፤ የመረረ ነገር አድርስ ሲሉት መንገድ ላይ ስኳር ይጨምርበታል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የምታውቀውን ለምን ትነግረኛለህ እንዳትል፤ አንተ የምታውቀው ከት ብለው የሳቁበትን ክፍል ብቻ ነው።

እናንተ ቡና መቀሸሪያው ውስጥ ስትሠሩ ትውሉና ማታ ላይ በኮምፕሬሰር ትነፋፋላችሁ። የመቀሸሪያው ባለቤት አቶ አብርሃም ያን ማሽን የገዛው ለመኪኖቹ ጎማና ለወንፊቶቹ ማጽጃ ነበር። የጀንፈሉ ገለባ ሲደቅ የሚወጣው ብናኝ አንገት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚያሳክክ አውቃለሁ፤ ደጃፍ ላይ ቆመህ ሸሚዝህን ስታራግፍ እናትህ ትቆጣህ አልነበር? ወንዝ ወርዶ ከመታጠብ ቱቦውን መደቀን ይቀላል። አንዱ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ሌላው ይነፋዋል። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ከዚያ ቱቦው ብብት ውስጥ ይገባል፣ አንገት ሥር ይገባል፣ ቀጥሎም ወደማይባለው ቦታ ይሄዳል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ሁሉም ተነፍቷል፣ ሁሉም ስቋል። አዲስ ሠራተኛ የምትቀበሉትም በዚያው ነው አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ የየካቲቱን ሰማሁ።

በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት አብሮ አደግህ አብዱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ አንተ ቱቦውን ይዘህ ከኋላው መጣህ። ሱሪውን አላወለቅክም፣ አልነካኸውምም ማለት ይቻላል። አንዴ ጫንከው፣ ለቀቅከው። በቃ ይኸው ነው። ግን በኋላ አብዱን ለምርመራ ይዤ ስሄድ የጅማው ሐኪም እንዳስረዳኝ በዚያ ቱቦ የሚወጣው አየር የከባድ መኪና ጎማ የሚያቆም ነው፤ ጨርቅ አይመልሰውም። «የሰው አንጀት ለዚህ አልተሠራም» አለኝ። «ጎማ እንኳ ሲሞላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይለካለታል» አለኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር እኔን የሚቆጣ ይመስል ነበር፤ የማን አባት እንደሆንኩ ገና አልነገርኩትም ነበር።

አንተ የዚያን ዕለት ቤት መጥተህ እራት ላይ አጫወትከን። ቆጮ በጎመን ነበር። አፍህን ሞልተህ «አብዱ ዛሬ ከበሮ ሆኖ ቀረ» አልክ። ሆዱ እንዴት እንደተነፋ፣ መሬት ላይ እንዴት እንደተንከባለለ፣ እናንተም ጆንያ ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ ንፋሱ እንዲወጣ በየተራ ሆዱን እንደደቆሳችሁት፣ በሳቅ እያቋረጥክ ተረክ። እናትህ «ውይ ምስኪን» ብላ ሳቀች። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበርና አልሳቅኩም፤ ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልህ፣ ደክሞኝ ነው። «አሁንስ እንዴት ሆነ?» ብዬ ስጠይቅህ «ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን አጠጥተነዋል፤ ንፋስ ነው፣ ይወጣለታል» ብለህ ቆጮ ጨመርክ። የተቀደደ አንጀት ላይ ነጭ ሽንኩርት! ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

አልወጣለትም። አብዱ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ «ቁርጠት ነው» አላት። ወንድ ልጅ እዚህ ቦታ ተነፋሁ ብሎ ለእናቱ እንዴት ይናገራል? እስኪነጋ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሲነጋ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ ሆዱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። እናቱ እትዬ አስማ ጎረቤት ጠርታ ሆስፒታል አደረሰችው፤ ከዚያም በመኪና ወደ ጅማ ወሰዱት። አንተ ያን ስትሰማ ልብስህን በፌስታል ጠቅልለህ ወጣህ። ለእናትህ «ማንኪራ ያለውን አጎቴን ማር ቆረጣ ልረዳው ነው» ብለሃታል። የካቲት የማር ቆረጣ ጊዜ አይደለም። እሷም የማንኪራ ልጅ ናትና ከእኔም ከአንተም የበለጠ ታውቃለች። ግን ዳቦ ቋጠረችልህ።

ጅማ ላይ ሆዱን ከፈቱት። አንጀቱ ተቀዶ ቆሻሻው በሆዱ ውስጥ ተበትኖ ነበር። ያን ሁሉ አጠቡ፤ የአንጀቱን ጤነኛ ጫፍ ወደ ውጭ አውጥተው በግራ ጎኑ ከቆዳው ጋር ሰፉት። አብዱ አሁን የሚጸዳዳው በዚያ ነው። ውስጡ እስኪድን ድረስ ነው እንጂ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይመለስለታል ተብሏል፤ ለዚያም በሚቀጥለው ሳምንት ጅማ ይሄዳል። እስከዚያው ከጎኑ የሚወጣውን የሚቀበል ከረጢት አለ፤ ሲገኝ ነው። ባልተገኘ ጊዜ ፌስታል እንቆርጣለን፣ ዙሪያውን በጨርቅ እናስራለን።

«እንቆርጣለን» ስል ተሳስቼ አይደለም። አብዱ አባት የለውም፣ ወንድምም የለውም። ከጅማ የተመለሰ ዕለት ልጠይቀው ሄድኩ። እትዬ አስማ በሩን ከፍታ አየችኝና ሰላምታዬን ሳትመልስ «ልጅዎ የት ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ልታባርረኝ አፏን ስትከፍት ከውስጥ አብዱ ጮኸ። ጨርቁ ተፈቶ አልጋው ተበላሽቶ ነበር። ሮጣ ገብታ ልታነሳለት ስትል «አትንኪኝ! ውጪልኝ!» አላት። ያ ልጅ እናቱን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ነው። ገላውን እንዳታይበት ብርድ ልብሱን በጥርሱ ነክሶ ይዞ ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ።

አልዋሽህም፤ የመጀመሪያውን ቀን አጥቤው ስወጣ ጓሯቸው እንሰቱ ሥር ሄጄ አስመለስኩ። ጾም ነበርና ከባዶ ሆዴ የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው። ሽታው ጥፍሬ ሥር፣ የኮቴ እጅጌ ላይ፣ ጠመኔው ላይ ሁሉ ያለ መሰለኝ። በሎሚ ታጠብኩ፣ በአመድ ታጠብኩ። መምህራን ክፍል ስገባ አንዷ ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች፤ ሳታስበው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጥሎ የጓሯችን ቡና በመጋቢት አብቦ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ያን ሽታ እያነሳ ሲያወራ እኔ አፍንጫዬ ሌላ ነገር ይዞብኝ አልፎኛል።

ግን ለመድኩት። አሁን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አስሬ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ እትዬ አስማ የምታቀርብልኝን ዳቦና ሻይ እዚያው እበላለሁ። የሰው ገላ ነው። አንተም ሕፃን ሳለህ እናትህ የታመመች ጊዜ ጨርቅህን የምለውጠው እኔ ነበርኩ፤ ያኔም ማንም አልሞተም።

ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው። ከአብዱ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በመቀሸሪያው በር ነው የማልፈው። ጓደኞችህ በር ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ቲቸር፣ ጎማው ተነፈሰ?» ይሉኛል። ስም አውጥተውለት ነው፤ አብዱን «ጎማው» ነው የሚሉት። ከሚስቁት ውስጥ ሁለቱን ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቃቸው ግን አንድም ያየ የለም፤ ሁሉም ዞሮ ነበር፣ ሁሉም ጆንያ እየሰፋ ነበር። ኮምፕሬሰሩም ዛሬ እዚያው ነው። ዛሬም ማታ ማታ ይነፋፋሉ። «ቦታውን ብቻ ተጠንቀቁ» ተብለዋል አሉ። እዚያ በር ስደርስ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ነው የማልፈው። አብዱን ሳጥብ አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም።

በፋሲካ ማግስት አቶ አብርሃም ሽማግሌዎች ይዞ ቤታችን መጣ። በግ አስጎትቷል፣ ማር አስይዟል። ከተቀመጡና ስለ ዝናቡ ከተወራ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ልጆች ናቸው፤ ሲጫወቱ የመጣ ነው» አለኝ። «ክፋት እንደሌለበት ፈጣሪ ያውቃል። ለአብዱ የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ አለሁ።»

«ደግ» አልኩት።

«እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ መርማሪው የአብዱን ቃል ሊቀበል ይመጣል። ወደ ጅማ ከመሄዱ በፊት መሆን አለበት ብለዋል፤ መቼም ቀዶ ጥገና ነው፣ አይታወቅም። አብዱ እስካሁን ‹ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ ማን እንደሆነ አላየሁም› ነው ያለው። ጎሽ፣ የጨዋ ልጅ ነው። ግን ይኼ ነገሩን ያንጠለጥለዋል። የእኔም ሥራ፣ የእርስዎም ልጅ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እንዲያው… ቱቦውን ራሱ ይዞ ልብሱን ሲያራግፍ እጁ ሳተበት ቢልስ? በገዛ እጁ ከሆነ የሚጠየቅ የለም። ውባየሁም በማግስቱ ይመጣል።»

«ማን ይንገረው?»

«እርስዎ ነዎታ! እርስዎን ይሰማል። እንደ አባት ነው የሚያይዎ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ያንን…» አለና አፍንጫውን ሸብሸብ አደረገ።

አየህ፣ እኔ የምሠራውን ተጸየፈው። አፉ የተናገረውን ግን አልተጸየፈውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ «ፈለቀ፣ ልጅህን አሳድገህ አሳድገህ ለባዕድ ብለህ ልትጥለው ነው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዳይሉህ» አለኝ።

«በጎኑ የሚጸዳዳውን ልጅ ‹ያጠፋኸው አንተው ነህ በል› ልበለው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው በጉን መልሱልኝ» አልኩ። በጉ የእናትህን ጎመን ጀምሮ ኖሮ አልሄድም አለ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አንዱ በቀንዱ፣ አንዱ በጅራቱ ይዘው ሲጎትቱት ብታይ ትስቅ ነበር። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። በኋላ ሳጣራ ግን ማሩን እናትህ ተቀብላ ጓዳ አስገብታዋለች። ስቆጣት «ልጄ እንዲመጣልኝ ነው» አለችኝ።

አሁን ስለ አብዱ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት ስገባ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቲቸር፣ ውባየሁ ጻፈ?» ይለኛል። የት እንደገባህ ሳላውቅ፣ ጣሰውም ገና ሳያገኝህ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ማለቴ ነው፣ አላስቻለኝምና «ሰላም ብሎሃል» አልኩት። ፊቱ በራ። በማግስቱ ጨመርኩበት፤ «ስለ ጤንነትህ ዘወትር ይጨነቃል» አልኩት። እያደር ደብዳቤ ሳልቀበል ደብዳቤ የማነብ ሰው ሆንኩ። «የልጅነት ጓደኝነታችሁን እያስታወሰ እንባውን ያፈሳል» እስከማለት ደረስኩ። ባለፈው ረቡዕ ጨርቁን እያሰርኩለት ይህንኑ ስለፍፍ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ያመዋል፤ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው የሚስቀው።

«ምነው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ውባየሁ በሕይወቱ ‹ዘወትር› ብሎ አያውቅም። ይኼ እኮ የእርስዎ አማርኛ ነው። አራተኛ ክፍል ያስጻፉን ነው።»

ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከመጀመሪያው። ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ግድግዳው ዞረ። «አቶ አብርሃም ሰው ልኮብኝ ነበር፣ በገዛ እጄ ነው እንድል» አለኝ። «ለአቶ አብርሃም ብዬ አልዋሽም። ግን ውባየሁ መጥቶ፣ እዚህ እርስዎ የተቀመጡበት ቦታ ተቀምጦ ‹አብዱ፣ ዋሽልኝ› ቢለኝ እዋሽለታለሁ። ወላሂ እዋሽለታለሁ። ግን ይምጣ። መጥቶ ይኼን ይየው» ብሎ በጣቱ ጎኑን አሳየኝ። ቆይቶም «እርስዎ ምን ይላሉ፣ ቲቸር? ዓርብ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

ልጄ፣ እጄ ገና እንደረጠበ ነበር። እዚያች መደብ ላይ ተቀምጬ አንተን አሰብኩ። አምስተኛ ክፍል ሳለህ በረመዳን አብዱ ሲጾም አንተም ምሳህን ሳትነካ ይዘህ ትመለስ ነበር። እናትህ ሆድህ ውስጥ ትል አለ ብላ ኮሶ ልታጠጣህ ስትል ነው እውነቱን የነገርከን፤ «እሱ እየራበው እንዴት ልብላ?» አልክ። ያን ልጅ አሰብኩት። መርካቶ የወፈረው የትኛው እንደሆነ ግራ ገባኝ። ብትታሰር እናትህ ምን እንደምትሆን አሰብኩ። እሳት አመድ ወለደ የሚለኝንም ሰው አሰብኩ፤ እሳት ነበርኩ ብዬ ሳይሆን ሰው ለማለት ስለማይሰንፍ ነው። «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር በል» ብዬው ብወጣ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። አብዱ ራሱ አይፈርድብኝም ነበር። ይኸው ነው ያስጠላኝ፤ ሁላችንም የምንድነው በዚህ ልጅ ደግነት መሆኑ።

«ስሙን ተናገር» አልኩት። «ባይመጣም፣ ቢመጣም። መጥቶ እግርህ ላይ ወድቆ ዋሽልኝ ቢልህም አትዋሽለት።»

አብዱ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረ። «ይታሰራል እኮ፣ ቲቸር።»

«ይታሰራል።»

«እትዬ ዘርትሁንስ?»

እናትህን ማለቱ ነው። ጨርቁን አስሬ ጨረስኩና ወጣሁ።

ለእናትህ በዚያው ዕለት ነገርኳት። «ልጄን ሸጥከው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ለብቻው ትዘፈዝፋለች፣ ቃል ግን አትወጣትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምታገኘው ዳቦ ቆሎ የእሷ ነው። እኔ የላክሁት ደብዳቤውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። አስጠልተኸኛል። ይህን ቃል ለልጄ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቱቦውን የጫንክባትን ቅጽበት ይቅር እላታለሁ፤ ጅልነት ናት፣ ጅልነት ደግሞ በዘራችን አለ። እራት ላይ የሳቅከውንም ይቅር እላለሁ፤ አላወቅክም ነበር። ደንግጠህ መሸሽህንም ቢሆን፣ ፈሪ ብዬ ልተወው። ግን ጣሰውን «ስለ አብዱ ምን ጠየቀህ?» ብለው «ምንም አልጠየቀኝም፣ ጋሽ ፈለቀ» አለኝ። «ዳነ ወይ አላለም? ሞተ ወይ አላለም?» አልኩት። «ስለ ሽማግሌው ነው ያወራው» አለኝ። ምሳ ጋብዘኸው፣ ሥጋ አዝዘህ፣ ከእሱ ጋር እየጎረስክ፣ አልጠየቅክም። ይህን ሆዴ ሊፈጨው አልቻለም። እኔ የስንቱን ነገር ሽታ የለመድኩ ሰውዬ ይህን መልመድ አቃተኝ።

ጣሰው ነገ ሰኞ ይነሳል፤ ማክሰኞ ይህ ደብዳቤ እጅህ ይገባል። ረቡዕ ማለዳ ብትሳፈር፣ ጅማ አድረህ ሐሙስ ቦንጋ ነህ። ከአውቶቡስ ተራ የሚነሳው መኪና ወደ ቦንጋ ብቻ የሚሄድ አለመሆኑን አውቃለሁ። መርማሪው ዓርብ እንደሚመጣ አስቀድሜ ስነግርህ ለመሸሽም ጊዜ እየሰጠሁህ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱ ቢሰማ ይታዘበኛል፣ አብዱም ቢሰማ ላይታዘበኝ ይችላል፣ ያ ይብሳል። ቢሆንም ሰጠሁህ። ከዚህ የበለጠ ልሰጥህ የምችለው የለኝም።

ከመጣህ መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት አትምጣ፤ በቀጥታ አብዱ ጋ ሂድ። እትዬ አስማ ትሰድብህ ይሆናል፤ ጨርሳ እስክትሰድብህ ቁም። ከዚያ ጫማህን አውልቀህ ግባ። ዋሽልኝ ልትለው ከሆነ የምትመጣው አትምጣ። ለመርማሪው በገዛ አፍህ ልትነግረው ከሆነ ግን ና፤ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እስር ቤትም ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

በዚህ ቦታ ላይ አባት ልጁን ይመርቃል። የእናትህ ምርቃት ከዳቦ ቆሎው ጋር ታስሯል፤ ባትነግረኝም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የእኔ ግን በሰው እጅ የሚላክ አይደለም፤ ራስህን ዝቅ ስታደርግልኝ በእጄ ነው የምሰጥህ።

ዓርብ ጠዋት ክፍል አልገባም፤ አስፈቅጃለሁ። አብዱ አልጋ አጠገብ እቀመጣለሁ። መርማሪው «ማነው?» ይለዋል፤ አብዱ «ውባየሁ» ይላል። «ውባየሁ ማን?» ይለዋል። አብዱ ጨዋ ነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያየሁት የአባትህን ስም ለመጥራት ያፍራል፣ ዝም ይላል። አንተ ከሌለህ ያኔ እኔ እናገርለታለሁ።

አባትህ
ፈለቀ